ውሃ የማትጠጣው ቮልስ

መኪና ልገዛ ነው ያልሁ ለት ባለቤቴ ደስ አላት። ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ ስነግራት ግን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆየችና፣ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አለች። ወሩ ጥር ነበር።

"መኪና ግዛ አልሁህ እንጂ መጫወቻ ግዛ አልሁህ?"

አልፈርድባትም። እሷ በልቧ የያዘችው አራት በር ያለው፣ ልጆቹን ከነቦርሳቸው ውጦ የሚሄድ መኪና ነበር። እኔ ያመጣሁት ደግሞ ሁለት በር ያላት፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ቮልስ ነው። ዋጋዋ ከባጃጅ ያንስ ነበር። ይህን እንደ መከራከሪያ ባቀርብ፣ "ባጃጁ ይሻል ነበር፤ እሱ እንኳ ሠርቶ ይገባል" አለችኝ።

ያገኘኋት ማክሰኝት ነው፤ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ግቢ ውስጥ፣ ወይራ ሥር ቆማ። ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ነክተዋል። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ የነበረ ይመስላል። በሯን ስከፍት የኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች፤ እኔን አይታም አልተነሣች። በዋጋው ወዲያው ተስማማን። መምህሩ ግን፣ "አሁን አትወስዳትም፤ ዶሮዋ እስክትፈለፍል ታገሠኝ" አሉኝ። አሥራ ሁለት ቀን ታገሥሁ። መኪና ለመግዛት ዶሮ የጠበቀ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

እንዲህ ያለች መኪና ምኗ እንደሚወደድ ለማያውቃት ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ትንሽ ናት። አብሮህ የተሳፈረ ሰው ትከሻው ከትከሻህ ሳይነካካ አይሄድም፤ ስለዚህ የተጣላ ሰው ሊሳፈርባት አይችልም። እኔና ባለቤቴ ተኳርፈን ገበያ የሄድንባት ቀን ታርቀን እንመለሳለን። ማርሽ በቀየርሁ ቁጥር እጄ ጉልበቷን ስለሚነካ "ይቅርታ" ማለት አለብኝ፤ ይቅርታው አሥር ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ መጨረሻው ሳቅ ነው።

ቀርፋፋም ናት። ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ላይ ሚኒባሱም፣ የጤፍ ጭነቱም፣ አንድ ቀን እንዲያውም ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ብስክሌት ቀድሞኛል። እኔ ግን ወደ ጎንደር በፈጣን መኪና በተመላለስሁባቸው ዓመታት ሁሉ የፎገራን ሩዝ አረንጓዴነቱን እንጂ ውሃው ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያርመውን ሰው አይቼው አላውቅም ነበር። በቮልሴ ሳልፍ ሰውየው ቀና ይላል፤ እጁን ያነሣልኛል፤ እኔም አነሣለታለሁ፤ ሰላምታችንን ለመጨረስ ጊዜ አለን።

ደግሞ ሰው ትሰበስባለች። ቤንዚን ሰልፍ ላይ የቆምሁ ቀን አንድም ሰው ብቻዬን ትቶኝ አያውቅም። አንዱ መጥቶ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በእሷ ዓይነት መሆኑን ይነግረኛል። አንዲት ዓሣ ነጋዴ ሰልፉ መሐል ጆንያዋን አስቀምጣ፣ "እኔን ለክርስትና ያደረሱኝ በዚህች ነው" ብላ ጣሪያዋን እንደ ልጅ ራስ ዳበሰችው። በመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ግን ለሦስት ወር ተቸግሬያለሁ። ጥበቃው "የኋላውን ክፈት፣ ዕቃ ልይ" ሲል እከፍታለሁ፤ ሞተር ነው። "ሞተሩን ዝጋና የዕቃውን ክፈት" ሲል የፊቱን እከፍታለሁ፤ አንድ ትርፍ ጎማና የባለቤቴ ሽንኩርት ነው። የቀለድሁበት መስሎት አለቃውን የጠራበት ቀን አለ። አለቃው መጥቶ ሲያይ ራሱ ሳቀና፣ "ይቺን ተዋት፣ ትግባ" አለው።

የቮልሴን ነገር ግን ከአባቴ ለይቼ ልነግር አልችልም።

አባቴ ሾፌር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ነድተዋል። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን አይኑሩ ብዬ ባሕር ዳር እኛ ዘንድ አመጣኋቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መሪ መያዝ ትተዋል። በረንዳ ላይ ወንበር ይዘው ይውላሉ፤ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ያንቀላፋሉ። ባለቤቴ ቆረሶ ዓሣ ጠብሳ ስትሰጣቸው ይመርቋታል፤ ከምርቃቱ በቀር ግን ብዙ አይናገሩም ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚያስቡ ብጠይቃቸው፣ "ምን አስባለሁ፤ ቆሜያለሁ" አሉኝ። የቆመ መኪና ማለታቸው ነው።

ቮልሷን ይዤ የገባሁ ለት ከወንበራቸው ተነሡ። ሁለት ጊዜ ዞሯት። ጎማዋን በጫማቸው ነካ አደረጉና፣ "ይቺ መኪና አይደለችም፤ የመኪና ልጅ ናት" አሉ። በማግሥቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የውሃ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ያጥቧታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያዙ። ማለዳ ያጥቧታል፤ ጎማ ያያሉ፤ ዘይት ይለካሉ፤ አስነሥተው ያሞቋታል። እኔ ቁርሴን በልቼ ስወጣ በሩን ከፍተው ቆመው፣ "ዝግጁ ናት" ይሉኛል። ድምፃቸው ተመልሶ ነበር። ባለቤቴ እንኳ ይህን ካየች በኋላ ባጃጁን ማንሣት ተወች።

አባባ አንድ ትልቅ ኩራት ነበራቸው። "ሠላሳ ዓመት ስነዳ በእጄ የሞተ ሞተር የለም" ይላሉ። የእሳቸው ጓደኞች በየዳገቱ ሞተር አቃጥለዋል፤ እሳቸው አላቃጠሉም። ምሥጢሩ ምን እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ውሃና ዘይት ሳያይ የሚነሣ ሾፌር ሳይጸልይ እንደሚተኛ ሰው ነው።"

ችግሩ ቮልስ ውሃ የላትም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት "ውሃዋስ የት ነው?" ሲሉኝ ነገርኋቸው፤ ሳቁ። "አውቀዋለሁ እኮ፤ እጄ ነው የረሳው" አሉ። ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ጠየቁኝ፤ እንደገና ነገርኋቸው። ያኔ አንዳንድ ነገር ይረሱ ጀምረው ነበር። አንድን ታሪክ በአንድ ምሳ ላይ ሁለቴ ይነግሩናል፤ ልጄን በእህቴ ስም ይጠሯታል። እኛ እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ሦስተኛ ጊዜ የጠየቁኝ ጠዋት ለስብሰባ ረፍዶብኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሲቸኩል አፉን የማይገታ ሰው ነኝ። "አባባ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎ! ውሃ የላትም አልሁ እኮ!" ብዬ ጮህሁባቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው ጠይቀውኝ አያውቁም።

እኔ የገባቸው መስሎኝ ነበር። የገባቸው ግን እኔን አለመጠየቅ ነው።

አንድ ሰኞ እንደ ወትሮው "ዝግጁ ናት" ብለው ሸኙኝ። በሐይቁ ዳር ባለው፣ ዘንባባዎቹ በቆሙበት መንገድ ላይ ስደርስ የዘይት መብራቷ ቀይ በራ። ወዲያው ደግሞ ከኋላዬ ጠጠር በጣሳ ሲናጥ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። አጠፋኋትና ለመካኒኬ ደወልሁ። መካኒኬ ቮልስ ካላየ የማያድርለት፣ ብዙ የማያወራ ጎልማሳ ነው። መጥቶ የኋላዋን ከፈተ፤ የዘይት መለኪያውን መዘዘና ለእኔ አሳየኝ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

"ማን ነው ያጠጣት?" አለኝ።

የኋላውን ስትከፍቱ በስተቀኝ በኩል ጥቁር ክብ ክዳን አለ። ዘይት የሚሞላበት ነው። ሠላሳ ዓመት የራዲያተር ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ ለኖረ እጅ ግን የውሃ ክዳን ነው የሚመስለው። መካኒኩ ጥያቄውን ሳይጨርስ ነበር መልሱን ያወቅሁት። ተጎትታ ጋራዡ እስክትደርስ ድረስ ተናደድሁ። ጋራዡ በር ላይ ንዴቴ አለቀ። ለአባባ የቀራቸው ነገር ምን እንደሆነ ትዝ አለኝ፦ እናቴ የለችም፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ መሪ ትተዋል፤ የቀረችው ያች አንዲት ቃል ናት። በእጄ የሞተ ሞተር የለም። ይህን ቢሰሙ ተመልሰው እዚያ ወንበር ላይ እንደሚቆሙ፣ እንደገናም እንደማይነሡ አውቅ ነበር።

ለመካኒኬ ሁሉንም ነገርሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝና፣ "ሞተሯ ትድናለች፤ ለእሳቸው ተጠንቀቅላቸው" አለኝ።

በባጃጅ ቤት ስደርስ አባባ የግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምሁና፣ "ዘይት አታለሉኝ አባባ! ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት ሸጡልኝ" አልሁ።

ውሸት ስትጀምረው አንድ ነው፤ ቆይቶ ዘመድ አዝማዱን ይጠራል። አባባ በትራቸውን አነሡና፣ "ሱቁን አሳየኝ" አሉ።

"የቱን ሱቅ?"

"የዘይቱን ነዋ! ሰው ሞተር እየገደለ ዝም ይባላል?"

"ዘግቶ ሄዷል። ከተማ ለቋል።"

"ከዛሬ ጠዋት ወዲህ?"

"አዎ፣ ቤተሰቡ ታሞበት።" ይህን ስል እኔው ራሴ አፈርሁ። አባባ ትንሽ አዩኝና በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

መለዋወጫዋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቮልሷ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቆየች። ሦስቱንም ሳምንት አባባ ወንበራቸው ላይ ዋሉ። እኔና መካኒኩ ደግሞ መከርን። ሐሳቡ የእሱ ነው። "የጭነት መኪና ሾፌር ውሃ የሚፈልገው ከፊት ነው። ከፊት እንስጣቸው" አለኝ። ከአንድ የተጣለ መኪና የውሃ ታኒካ ፈታ፤ የራዲያተር ክዳን ገጠመለት፤ ከፊት ኮፈኗ ሥር ከትርፍ ጎማው ጎን አሠረው። ከሥሩ ቀጭን ቱቦ አውጥቶ በወለሏ በኩል ወደ መሬት ለቀቀው። የተሞላው ውሃ ቀኑን ሙሉ እየተንጠባጠበ ያልቃል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይሞላል። የኋላ ክዳኗ ላይ ቁልፍ አበጀና መክፈቻውን ለእኔ ሰጠኝ። ለልፋቱ ልከፍለው ብል፣ "የዚህን አልቀበልም" አለ።

ቮልሷ የመጣች ቀን የፊቱን ከፍቼ ለአባባ አሳየኋቸው። "የባሕር ዳር ሙቀት ከብዷት ነው የተጎዳች፤ መካኒኩ ውሃ ገጠመላት። እንግዲህ በየጠዋቱ እርስዎ ነዎት የሚሞሉላት" አልሁ። ዘይት ሻጩን ረስቼው ነበር፤ ውሸቴ ሁለት ሆነ። አባባ ታኒካውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ክዳኑን ከፈቱ፤ ዘጉ። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ።

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሾፌር ውሃ ሳያይ አይነሣም።"

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። በየማለዳው ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ፤ ይሞላሉ፤ "ዝግጁ ናት" ይሉኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ግን የሚጠራ አይመስልም ነበር። እኔም ውሸቴን ወደድሁት። ከጋብቻዬ ቀጥሎ በሕይወቴ የተሳካልኝ ነገር ይህ ነው እያልሁ ለባለቤቴ እጎርር ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ አንድ እሑድ፣ አባባን ይዤ ሐሙሲት ሄድሁ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቮልሷን ከመንገዱ ማዶ አቁመን አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው ወርዷል፤ ሁለት ሽማግሌዎች ቮልሷን ይዞሯታል። አባባ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ "ያ ዘይት ሻጭ ተመለሰ?" አሉኝ።

"የቱ ዘይት ሻጭ?"

"ከተማ ለቀቀ ያልኸኝ።"

"አልተመለሰም" አልሁ።

"አይመለስም። ያልነበረ ሰው ከየት ይመለሳል?"

ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። እሳቸው ማዶ ማዶውን እያዩ ቀጠሉ።

"ያን ለት አንተ ከሄድህ በኋላ ጀሪካኑን ስመልስ አፉ ዘይት ሸተተኝ። የውሃ ጀሪካን ዘይት ይሸታል? ቁጭ ብዬ ያደረግሁትን ሁሉ ወደ ኋላ አሰብሁት፤ አገኘሁት። በሩ ላይ ቆሜ የጠበቅሁህ ልነግርህ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ቀደምኸኛ! ትንሽ ልጅ ሆነህም ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ለእኔ ብሎ የሚዋሽ ልጅ ወልጃለሁ ብዬ ዝም አልሁ።"

"ታኒካውንስ? ውሃው የትም እንደማይደርስ እያወቁ ነው የሚሞሉት?"

"ቱቦው መሬት ላይ ሲያንጠባጥብ አላይም? ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋ" ብለው ሳቁ።

አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። "ያን ጠዋት ስለጮህሁብዎ ይቅር ይበሉኝ" አልሁ።

"ጮኸህብኝ ነበር?" አሉ። ረስተውት ይሁን ምረውኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

"እንግዲያ ነገ ታኒካውን አስነሣዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይልፉ" ስላቸው ግን እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ።

"አታንሣው" አሉኝ። "ዛሬ አውቃለሁ። ትናንትም አውቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ጠዋት ጀሪካኑን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ክዳኑን ልከፍት ስታገል ነበር። የመለሰኝ ቁልፉ ነው። ለምን እንደተቆለፈ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ቆምሁ።"

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ፤ ተሳፋሪው ተሯሯጠ። እስኪሄድ ጠበቁ።

"የማላውቅበት ቀን ይመጣል ልጄ። ሲመጣ መጣ ብዬ አልነግርህም፤ አላውቀውማ። አንተም አትንገረኝ። ታኒካው ብቻ ከፊት ይሁንልኝ።"

"እሺ አባባ" አልሁ። እንባዬን ለመደበቅ ሒሳብ ልክፈል ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

አሁን ማለዳ ማለዳ በመስኮት አያቸዋለሁ። ጀሪካኑን አንጠልጥለው ይወጣሉ። የፊቱን ይከፍታሉ፤ ውሃው አፍ እስኪደርስ ቀስ ብለው ይሞላሉ፤ ክዳኑን ያጠብቁና በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። ዛሬ እያወቁ ይሁን ሳያውቁ ከመስኮቱ አይለይም። በመጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን አተኩሬ አይ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ቁርሴን በልቼ ስወጣ በሩን ከፍተው ቆመው፣ "ሞልቻታለሁ፤ አትስጋ" ይሉኛል። አመሰግናቸውና እነሣለሁ።